አንጓችና የጓሮዋ በለስ

«ተረት ተረት።»

«የላም በረት።»

ላሞቹ ገብተዋል፣ በረቱም ተዘግቷል። እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ከኋላ ያላችሁ አትግፉ፤ ተረቱ ለሁላችሁም ይበቃል።

የበለስ አበባ የት ነው ያለው? አንጓች የምትባል ሴት ይህን ጥያቄ ከልጅነቷ ጀምሮ በሆዷ ይዛው ኖረች። ልጅ ሳለች እናቷን ጠይቃት ነበር። እናቷም፦ እኔ እበላታለሁ እንጂ አልመረምራትም፤ አንቺ ስታውቂ ንገሪኝ፤ አለቻት። አንጓች ሳታውቀው፣ ሳትነግራትም እናቷ ሞተች።

በድሮ ዘመን ነው። ድንጋይ በር የሚባል መንደር ነበረ። ድንጋዩ ብዙ፣ ምንጩ አንድ ነበረ። በጋ ሲገባ ያ አንድ ምንጭ በቦይ እየተመራ ወደየጓሮው በተራ ይለቀቃል። ተራውን የሚያወጡት ሽማግሌ የውሃ አባት ይባላሉ። በዚያን ጊዜ የውሃ አባት አባ ጓንጉል ነበሩ።

በዚያ መንደር ሙሽራ ስትገባ ከእናቷ ቤት አንድ ተክል ይዛ ትመጣለች። በባሏም ጓሮ ትተክለዋለች። አንዷ ጌሾ፣ አንዷ ሎሚ፣ አንዷ ኮክ ታመጣለች። ተክሉን ሦስት ክረምት ይታገሱታል። ከዚያም በበጋው አባ ጓንጉል ጓሮ ለጓሮ ይዞራሉ። አበባ ይዞ ያገኙት ተክል የውሃ ተራ ይሰጠዋል። ሴትየዋም ከዚያ ቀን ወዲያ እንግዳ መባሏ ይቀርና የቤቱ እመቤት ትባላለች። አበባ የሌለው ግን ይቆረጣል። ውሃው ትንሽ ነው፣ ለሰነፍ ዛፍ አይባክንም፤ ይሉ ነበር።

አንጓች ይዛ የመጣችው የበለስ ቅርንጫፍ ነበረ። ክንድ የምታህል፣ አንድም ቅጠል የሌላት እንጨት። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ብብቷ ሥር ሸጉጣ መጣች። አማቷ እሜቴ ደብሪቱ ጨርቁን ገልጠው አዩና፦ ምራቴ ማገዶ ይዛልኝ መጣች፤ ብለው ሳቁ። ሰርገኛውም አብሮ ሳቀ።

አንጓች ዓይን አፋር ነበረች። ሰው ሲበዛ ነጠላዋን ወደ አፏ ትስባለች። መልስ አታጣም፤ ግን መልሱ የሚመጣላት ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ነው። ያን ቀንም ቅርንጫፏን መልሳ ጠቀለለችና ወደ ጓሮ ዞረች። ከግድግዳው አጠገብ፣ የጠዋት ፀሐይ በሚያርፍበት፣ ጉድጓድ ቆፈረች። ከሥር ጠጠር አደረገች። በላዩም የበሰበሰ ፍግ ከአፈር ጋር ደባልቃ ሞላች። ቅርንጫፏን ዘንበል አድርጋ ተከለችና ጫፏን ብቻ ከመሬት በላይ አስቀረች። ፍየል እንዳይደርስባትም ዙሪያዋን በእሾህ አጠረች።

በለሷም ያዘች። የሕፃን መዳፍ የመሰለ ቅጠል አወጣች። አንጓች የእህል እጣቢ አጠጣቻት፣ በፀሐይ ጊዜ እግሯን በገለባ ሸፈነችላት፣ ጉንዳን እንዳይወጣባት ግንዷ ሥር አመድ በተነችላት። የተጠላለፈውን ቅርንጫፍ ስትመለምል ነጩ ወተቷ እጇን ይፈጀዋል። እሷ ግን እጇን በአመድ ታሽና ትመለሳለች።

በሁለተኛው ዓመት በለሷ ፍሬ ያዘች። አበባ ግን ማንም አላየባትም። በጋው ሲበረታ ፍሬው አውራ ጣት ሳያህል ጠውልጎ ረገፈ። ጎረቤቶችም ያላበበ ፍሬ መጨረሻው ይኸው ነው ተባባሉ።

ሦስተኛው በጋ መጣ። በለሷ ከቤቱ ክዳን እኩል ሆናለች። አሁንም ፍሬ ይዛለች፣ አሁንም አበባ የለም። አንጓች በየማለዳው ቅጠሉን እየገለጠች ትፈልጋለች። ጭንቀቷን ተመልከቱልኝ። ውሃ ካላገኘች ፍሬው ይረግፋል። ፍሬው ካልበሰለ ማንም አያምንላትም። አበባ ካልታየ ደግሞ ውሃ የለም። በለሷ ከተቆረጠች ከእናቷ ቤት የመጣ አንድም ነገር አይቀራትም፤ እሷም በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆና መቅረቷ ነው።

ባሏ ይርዳው ደግ ሰው ነበረ፤ እናቱን ግን ይፈራል። ያበበ ጌሾ ከሩቅ አምጥቼ በስውር ልትከልልሽ አላት። አንጓች እምቢ አለች። የሰው ጌሾ አሳይቼ እመቤት ከምባል፣ በበለሴ እንግዳ ልባል ብላ መለሰችለት።

አንድ ማለዳ ታዲያ ወፍ ከበለሷ ላይ አርፋ አንዱን ጥሬ ፍሬ በመንቆሯ ሰነጠቀችው። አንጓች ልታባርራት ሮጠችና ፍሬውን አየችው። ቀጠፈችው። ውስጡ እንደ ቀይ ጤፍ የደቀቀ ነገር ጢም ብሎ ሞልቷል። ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። እያንዳንዷ ቅንጣት ቀጭን አገዳ አላት፣ የአገዳዋም ጫፍ ፈክቷል። አበባ ነው። ከውጭ ስትፈልገው የኖረችው ሁሉ ወደ ውስጥ አብቦ ኖሯል። እዚያው እሾሁ አጠገብ ቁጭ አለችና እናቷን አሰበች።

ነገሩን ለይርዳው ነገረችው። እሱም ደስ አለውና አባ ጓንጉል ፊት ማን ይናገረው አላት። አንጓች ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

ቀኑ ደረሰ። አባ ጓንጉል ዘንጋቸውን ይዘው መጡ። ከኋላቸው ባለ መጥረቢያው፣ ከእሱም ኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ገባ። ሽማግሌው በለሷን ዞረው ዞረው አዩና አበባ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። እሜቴ ደብሪቱ ቀደም ብለው፦ ምን አበባ አላት፣ ቅጠል ነው እንጂ፤ አሉ። ባለ መጥረቢያው መዳፉ ላይ እንትፍ እንትፍ አለ።

አንጓች ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። ሄዳም ከግንዱ ፊት ቆመች።

፦ አባ፣ ዛፏን ከመቁረጥዎ በፊት አንዲት ፍሬ ይቁረጡ።

፦ ጥሬ በለስ ምን ያደርግልኛል፣ ልጄ?

፦ አይብሉት። ይዩት።

ሽማግሌው ቀጠፉ፣ ሰነጠቁ፣ ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ መልሰውም አራቁት። ከዚያም፦ ይቺ አንዷ ታማ ይሆናል፤ ሌላ ራሴ እመርጣለሁ፤ አሉ። ከጫፍ ቀጠፉ። ከጥላው በኩልም ቀጠፉ። ሁሉም ውስጡ አበባ ነው። አንድ በተሰነጠቀ ቁጥር አንድ ፍሬ ይጎድልባታል፤ አንጀቷ ግን ቅቤ ጠጣ።

፦ ዕድሜዬን ሙሉ ከቆላ የመጣ በለስ ስበላ ኖሬያለሁ፤ አሉ አባ ጓንጉል። ለካ አበባ ኖሯል የምበላው።

አንዱ ከኋላ፣ ታዲያ ለምን ትደብቀዋለች ብሎ ጠየቀ። ይርዳውም፦ እንደ ባለቤቷ ዓይን አፋር ሆና ነዋ፤ አለው። ጓሮው በሳቅ ሞላ። እሜቴ ደብሪቱም፦ እኔማ ገና እንጨቷን ሳያት አውቄያታለሁ፤ አሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያቸው ጊዜ፦ ምን ታዩኛላችሁ? ማገዶ አልኩ እንጂ አነደድኳት?

ሁሉም ሲስቅ አንዲት ሴት ብቻ አልሳቀችም። ወለላ ትባላለች። ሮማኗን ባለፈው ዓመት ቆርጠውባታል። ወደ አንጓች ጠጋ አለችና፦ የእኔዋ አራተኛ ዓመቷን ብታይ ኖሮ ምን ታወጣ ነበር ይሆን፤ ብላ መልስ ሳትጠብቅ ሄደች።

በማግስቱ ቦዩ ወደ አንጓች ጓሮ ተከፈተ። በለሷ ጠጣች። ፍሬው አበጠ፣ አንገቱን ደፋ፣ ቆዳው ጠቁሮ ማር አንጠባጠበ። እሜቴ ደብሪቱ የመጀመሪያውን ከነልጣጩ በሉና፣ እመቤቲቱ፣ እስቲ አንድ ጨምሪልኝ አሉ። በመንደሩም የእኛ ቤት በለስ፣ የእኛ ቤት በለስ እያሉ ኮሩ። አንጓችም ራሷን ቀና አድርጋ መሄድ ጀመረች።

ዓመት ዞረና አባ ጓንጉል አስጠሯት።

፦ ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል። ዘንድሮ ከእኛ ጋር ዙሪ። አንቺ ያላየሽው ዛፍ አይቆረጥም።

በመንደሩ ሴት እንዲህ ተብላ አታውቅም። አንጓች ኩራቱ ሞቃት፤ ወዲያው ግን ወለላ ትዝ አለቻት። መጥረቢያ ከኋላዋ ቆሞ ስለ ተክሏ የምትናገር ስንት ሴት አለች? አሰበችና ወሰነች።

፦ እዞራለሁ፣ አባ። ግን ከእናንተ ጋር አይደለም።

፦ ታዲያ ከማን ጋር?

፦ ከባለ ተክሎቹ ጋር። ከመጥረቢያው አንድ ቀን ቀድሜ ተክላቸውን አብሬያቸው አያለሁ።

እንዳለችውም ነጠላዋን አጣፍታ በማለዳ ወጣችና የመጀመሪያውን ደጃፍ አንኳኳች።

ተረቴን መልሱ፣ ጉሮሮዬን በበሰለ በለስ አርሱ።