እርጥብ ባንዲራ

አንድ ኢላማ ተኳሽ ነበር፤ መንበሩ ይባላል። በረጅም ርቀት ተኩስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለአገሩ ተወዳድሮ አንድም ቀን አንደኛ ወጥቶ አያውቅም። ሁለተኛ፣ ሁለተኛ፣ አሁንም ሁለተኛ! ጓደኞቹማ «ምክትል» ነበር የሚሉት። ዓይኑ እየደከመ ስለመጣ ሃያኛው ዓመት የመጨረሻው እንዲሆን ቆረጠ። ወይ ዘንድሮ ነው፣ ወይ መቼም አይሆንም።

የዚያን ዓመት ውድድር የተዘጋጀው እዚያው አገሩ ነው። ከየአገሩ የመጣ ተኳሽ ሜዳውን ሞላው። ኢላማው የቆመው አንድ ሺህ ሜትር ርቆ ነው፤ እስቲ አስቡት፣ እዚያ የቆመ ሰው ጉንዳን ነው የሚያህለው! ግን ክፉው ርቀቱ አይደለም፣ ነፋሱ ነው። ጥይቷን አየር ላይ እየገፋ ይወስዳታል። ስለዚህ ተኳሹ ነፋሱን ይገምትና ማነጣጠሪያውን በዚያው ልክ ወደ ነፋሱ መምጫ ያዞራል። ባዞረው ቁጥር ቀጭ ይላል። ተኳሾቹ ተኝተው የሚተኩሱበት ቦታም ያረፉበት ካምፕም በግንብ የተከለሉ ስለሆኑ ነፋሱ ፊታቸውን አይነካም። የሚያዩት ሜዳው ዳር የተተከሉትን ባንዲራዎች ነው። ከተውለበለቡ ብዙ ቀጭ፣ ከተንጠለጠሉ ጥቂት ቀጭ።

እዚያው ካምፕ ውስጥ የተኳሾቹን ልብስ የምታጥብ እትዬ ትርፌ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏን ቀብራ በአራተኛው ቀን ጥቁሯን ለብሳ ሥራ ገባች። እንባዋን ያየ የለም። መንበሩ ምሳ ላይ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የሞተው ባሏ ነው ወይስ የጎረቤት ድመት?» ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ።

ውድድሩ ሲያልቅ ሦስት ሰዎች እኩል ነጥብ አመጡ፤ አንዱ መንበሩ ነው። መለያ ተባለ። ለእያንዳንዱ አንድ ጥይት ብቻ፣ ሦስቱም ጎን ለጎን ተኝተው በአንድ ደወል። ሊጀመር ሲል ዝናቡ ዶፉን አወረደው። ከዚያ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ቀጥ አለና ፀሐይ ወጣች።

መንበሩ የራሰ ጃኬቱን ሊቀይር እትዬ ትርፌ ጋ ወደ ልብስ ማጠቢያው ቤት ገባ።

«ዛሬስ እግዜር ረዳኝ» አላት። «ባንዲራዎቹ ተንጠልጥለዋል። ነፋሱ ሞቷል!»

እትዬ ትርፌ ቀና ብላ አየችው። «ማነው ሞተ ያለህ?»

«ባንዲራዎቹ ናቸዋ!»

«ጋሼ፣ ስንት ዓመት ባንዲራ አይተሃል?»

«ሃያ።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ አስጥቻለሁ። ና እስቲ።»

ለሜዳው ክፍት ወደሆነው ጓሮ አወጣችው። ከዝናቡ በፊት የተሰጣው አንሶላ ውሃ ጠጥቶ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ንቅንቅ አይልም። ከኪሷ ደረቅ መሀረብ አወጣችና እዚያው አጠገቡ በመቆንጠጫ ያዘችው። መሀረቡ ወዲያው ብድግ ብሎ ጠፍ ጠፍ ጠፍ! ሊበጠስ ምንም አልቀረው።

መንበሩ አንሶላውን አየ፣ መሀረቡን አየ። አንድ ገመድ፣ አንድ ነፋስ!

«ነፋሱ አልሞተም» አለችው። «ጨርቁ ከብዶት ነው።»

መንበሩ ሮጦ ቦታው ላይ ተኛ፤ ደወሉ ተደወለ። ከመንበሩ በስተግራ የተኛው አምስት ጊዜ ዋንጫ የበላ ሰው ነው። ባንዲራዎቹን አየና አዞረ። ቀጭ፣ ቀጭ። በቃ፣ ሁለት። በስተቀኝ ያለውም ሁለት። መንበሩስ? ዕድሜውን ሙሉ ያመነው እነዚህን ባንዲራዎች ነው፤ ዛሬ ደግሞ አንዲት መሀረብ ሊያምን ነው። ዓይኑን ጨፈነና አዞረ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ… ዘጠኝ ጊዜ!

«ወዳጄ፣ ድንበር ልታሻግራት ነው?» አለው ባለዋንጫው።

መንበሩ ተኮሰ። ጥይቷ ከኢላማው ውጪ ወደ ባዶው ሜዳ አመራች። ከዚያ ያ ዓይን የማያየው ነፋስ ተቀበላት፤ እየገፋ፣ እየገፋ ወስዶ መሀሉ ላይ ቁጭ አደረጋት። የሁለቱ ሰዎች ጥይቶች ግን ኢላማውን ስተው በቀኝ በኩል አለፉ።

ሕዝቡ ሲጮህ መንበሩ ዋንጫውን እንኳ ሳይቀበል ወደ ጓሮው ሮጠ።

«እትዬ ትርፌ… ያን ቀን፣ ምሳ ላይ…»

«ሰምቻለሁ» አለችው። «የምግብ ቤቱ ግድግዳ እኮ ቆርቆሮ ነው።»

«ታዲያ ለምን ረዳሽኝ?»

«ስለ ጨርቅ ተሳስተህ ዝም ልበል?» ካለች በኋላ፣ «ያን ጊዜ እርጥብ ነበርኩ፣ ጋሼ። አሁንም አልደረቅሁም» አለች።

መንበሩ ወደ ገመዱ ሄደ። አንሶላውን ከገመዱ አወረደና አንዱን ጫፍ ሰጣት፣ ሌላውን እሱ ያዘ። እሷ ወደ ቀኝ፣ እሱ ወደ ግራ ጠመዘዙት። ውሃው ወረደ፣ ወረደ፣ እግራቸው ሥር ኩሬ ሠራ። የዚያን ቀን መንበሩን ከጥይቷም ከዋንጫውም በላይ የደነቀው ይሄ ነው፦ ያ ስስ አንሶላ ይህን ሁሉ ውሃ ተሸክሞ፣ ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ መዋሉ።

እና ወገኖቼ፣ ሰው ስላልተወዛወዘ ብቻ ነፋስ አልነካውም አትበሉ። ከብዶት ይሆናል። እስቲ አጠገባችሁ ያለውን ያን ዝምተኛ ሰው አስቡት። የአንሶላውን ሌላ ጫፍ የያዘለት አለ?