ቀዩ ሲመታ ቢጫው የሚጮህበት ከበሮ

ኑ ቅረቡ! ቅረቡ እንጂ፣ አልበላችሁም። አንተ ባምላክ፣ ያንን ስልክ ወደዚያ በል። አንቺ ፍሬሰላም፣ ማስቲካሽን ወይ ዋጪው ወይ ትፊው፣ እንደ ፍየል አታመንዥኪብኝ። ዝም በሉ! ማንም እንዳይተነፍስ! መተንፈስ የፈለገ ውጭ ተንፍሶ ይምጣ። ዛሬ የላም በረት የሚባል ነገር የለም፣ ላሚቱን ሸጠናታል። እኔ «ተረት ተረት» ስል እናንተ «የሽቦ አንጀት!» ትላላችሁ። ገባችሁ? እኔ ስድስተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ እንደ እናንተ አንድ ጊዜ ብቻ ነካ አድርጌ አላለፍኩም፤ ስለዚህ የምላችሁን ስሙ።

ተረት ተረት!

የሽቦ አንጀት!

ጎበዝ። እናላችሁ፣ ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ እትዬ ብርቄ የሚሏት ሴትዮ ነበረች። እትዬ ብርቄ ጌም ቤት ነበራት። ጌም ቤቷ ውስጥ አንድ ቲቪ ነበር። ከቲቪው ፊት ደግሞ አንድ የጌም ከበሮ ነበር።

የጌም ከበሮ ታውቃላችሁ? አታውቁም፣ አታስመስሉ። አራት ክብ ፕላስቲክ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። አራቱም አንድ እግር ላይ የተሰኩ ናቸው፣ ከሥር ደግሞ በጫማ የሚረገጥ ፔዳል አላቸው። ቲቪው ዘፈን ይለቃል፤ ቀይ መብራት ሲወርድ ቀዩን በዱላ ትመታለህ፣ ቢጫ ሲወርድ ቢጫውን። እያንዳንዱ ክብ ሆዱ ውስጥ አንድ ጆሮ አለችው። ጆሮዋ የሳንቲም ያህል ስስ ነሐስ ናት፤ በሙጫ ተለጥፋ፣ በቀጭን ሽቦ ለቲቪው ትናገራለች። ቲቪው ከሰማ «ሰማሁ!» ይላል፣ ነጥብ ነው። ካልሰማ «አልሰማሁም!» ይላል፣ በቃ። ልመና የለ፣ አማላጅ የለ።

አንድ ቀን ቀዩ ታመመ። ከአራቱ አብዝቶ የሚመታው እሱ ነበራ! ሰማያዊውን ሲመቱት ዱም። አረንጓዴውን ሲመቱት ዱም። ቢጫውን ሲመቱት ዱም። ቀዩን ሲመቱት... ዝም።

«አልሰማሁም!» አለ ቲቪው።

«ኧረ እኔ ጮኼያለሁ!» አለ ቀዩ። «ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ላልቷል። ሽቦዬ በአንድ ፀጉር ነው የተንጠለጠለችው።»

ይሄን ጊዜ ቢጫው ጥልቅ አለ። ይሄ ቢጫ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ፍጡር ነው። እዚህም መሃላችን አንድ ሁለት አሉ፣ ስም አልጠራም፣ ባምላክ።

«ደህና ነው፣ ደህና ነው! ትንሽ ብርድ መትቶት ነው!» አለ ቢጫው።

እትዬ ብርቄ ጭንቅ ያዛት። እሁድ ውድድር አለ! የማዶው ጌም ቤትና የእሷ ጌም ቤት፣ ሦስት ዘፈን፣ ብዙ የሳተ ተሸናፊ። የማዶዎቹ ደግሞ ገና ከአሁኑ በሯ ላይ እያፏጩ ነው የሚያልፉት።

«ስሙ!» አለች። «እስከ ቅዳሜ ይሄ ነገር ካልዳነ ቆራሌው ሲመጣ በሁለት ሳፋ እለውጠዋለሁ። ቢያንስ ልብስ እዘፈዝፍበታለሁ!»

ቆራሌው ማለት አሮጌ ዕቃ የሚሰበስበው ሰውዬ ነው። ለእናንተ ጅብ ማለት ምን ማለት ነው? ለዕቃ ቆራሌው ማለት እሱ ነው። ጆንያው ውስጥ የገባ አይወጣም።



ረቡዕ ዕለት እትዬ ብርቄ እጅጌዋን ሰበሰበች። «የአባቴ ሬዲዮ እንኳ በጥፊ ነው የሚሠራው!» አለችና ቀዩን ጧ! ጧ! ጧ! አደረገችው። ከበሮው ሁሉ ተናወጠ። መናወጡ በእግሩ በኩል አድርጎ ቢጫው ጋ ደረሰና የቢጫውን ጆሮ ኮረኮራት።

«ዱም!» አለ ቢጫው።

«አንድ ነገር ሰማሁ» አለ ቲቪው።

«ተሻለው! ተሻለው!» አለ ቢጫው።

«እሱ ነው የጮኸው እንጂ እኔ አይደለሁም!» አለ ቀዩ።

«ወንድሜ ሲመታ ይሰማኛላ! አዝኜ ነው!» አለ ቢጫው። እትዬ ብርቄ እሱን አመነች። የጮኸው ነው የሚታመነው፣ መቼስ።

ሐሙስ ዕለት ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሰርግ ከበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። ይሄ ሽማግሌ ሰባ ሰርግ አይቷል፣ ሰባውንም በየቀኑ ያወራል።

«ና እስቲ አንተ» አለው ቀዩን። «ቆዳህ የምንድን ነው? የእኔ የበሬ ነው።»

«የምንም አይደለም አያ ከበሮ። ፕላስቲክ ነኝ።»

«ውይ፣ እናት አባት የለህማ! ምስኪን። ለማንኛውም እኔ ድምፄ ሲላላ ፀሐይ ላይ ያወጡኛል፤ ቆዳዬ ይወጠራል፣ ከዚያ እንደ መብረቅ ነው። ከበሮ የሆነ ሁሉ መድኃኒቱ ፀሐይ ነው!»

እትዬ ብርቄ ሰማች። «እውነትህን ነው፣ ከበሮ እኮ ይሞቃል!» አለችና የጌሙን ከበሮ ተሸክማ ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ አሰጣችው። እንደ በርበሬ! ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት።

«እመቤቴ፣ ሙጫዬ ቀለጠ!» አለ ቀዩ።

«ሞቆት ነው፣ ደስ ብሎት ነው!» አለ ቢጫው።

ሙጫው ቀልጦ የቀዩ ጆሮ ከተለጠፈችበት ተላቃ ሆዱ ውስጥ ጠብ አለች። አወረዱት፣ መቱት። ቀዩ ዝም። ቢጫው «ዱም! ተሻለው! ተሻለው!»

አሁን ምን ቀረ? ዓርብ ቀረ። ዓርብ ዕለት እመት አይጢት ከቲቪው ሥር ወጣች።

«እኔ ልየው» አለች። «የኤሌክትሪክ ትምህርት ጨርሻለሁ።»

«የት ተማርሽ?» አላት ቀዩ።

«የት ተማርሽ ይለኛል እንዴ! በልቼው ነዋ!»

በቀዳዳው ሹልክ ብላ ገባች። ያቺን በፀጉር የተንጠለጠለችውን ሽቦ አየቻት። «አሃ! ይቺ ክር ናት ሆድህን የምታሳክክህ!» አለች።

«ኧረ አይደለችም! ኧረ ተዪኝ!»

«አይዞሽ ቁረጪው፣ ምንም አያመውም!» አለ ቢጫው ከውጭ።

ቅርጥም!

ከዚያ በኋላ ቀዩ ጭርሱን ድዳ ሆነ። እትዬ ብርቄ ግን መታችው። ቢጫው «ዱም!» አለ። ቀይ መብራት ሲወርድ ቢጫ መለሰ። «ይሄማ ተሳስቷል፣ ከስህተትም ስህተት ነው!» አለ ቲቪው። እትዬ ብርቄ አንገቷን ደፋች። በማዶ በኩል ፉጨቱ ይሰማል።

ተረት ተረት! ተኝታችኋል?

የሽቦ አንጀት!

ቅዳሜ ጠዋት ከመንገዱ ማዶ «ቆራሌውውው!» የሚል ድምፅ መጣ። ቀዩ መናገር አይችልም፣ ዕንባም የለውም። ቢጫው ግን ሳቀ።

«ቻው ቻው ወንድሜ! በአንተ ቦታ አዲስ ቀይ ያመጡልናል» አለ።

ያኔ ከሥር ፔዳሉ ቀና አለ። ፔዳል እኮ ሲረግጡት ውሎ ሲረግጡት የሚመሽ ነው፣ ብዙ አያወራም። «የምን አዲስ?» አለ። «ቆራሌ እንደ ብርቱካን መርጦ አይወስድም። አንድ እግር ላይ አይደል እንዴ የተሰካነው?»

ቢጫው የበለጠ ቢጫ ሆነ።

ቆራሌው በሩ ላይ ደረሰ። «እትዬ፣ ምን አለ? የተሰበረ፣ የዛገ፣ ያረጀ ባልም ካለ እንወስዳለን!»

«ባሉን እንኳ ሌሎች ቀድመውሃል፣ ይሄን ውሰድ» አለች እትዬ ብርቄ። ሳፋዎቹንም መረጠች፣ አንድ አረንጓዴ አንድ ሮዝ። ቆራሌው ከበሮውን አንስቶ ግማሹን ጆንያው ውስጥ ከተተው።

ልክ በዚህ ሰዓት ጋሽ አሰጌ ከች አሉ። ጋሽ አሰጌ የሬዲዮ ሠሪ ናቸው። የአባቷን ሬዲዮ ጠግነው ሊመልሱላት ነው የመጡት።

«እንኪ ብርቄ» አሉ። «ከእንግዲህ በጥፊ እንዳትመቺው። ሽቦውን የበጠሰው ጥፊሽ ነው። እሱስ ምንድን ነው ጆንያ ውስጥ ራሱን የደበቀው?»

«ቀዩ ሞቶብኝ ነው ጋሽ አሰጌ። ቢጫው ግን ብርቱ ነው፣ ለሁለት ይጮሃል።»

«ለሁለት? እስቲ አውጣው አንተ።»

«የገባ አይወጣም!» አለ ቆራሌው።

«አውጣው አልኩህ እኮ!»

አወጣው። ጋሽ አሰጌ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ አሉና ቀዩን በጣታቸው ኳ አደረጉት።

«ዱም!» አለ ቢጫው።

«ቀዩን ነው የነካሁት» አሉ። ደግመው ኳ።

«ዱም! ተሻለው!» አለ ቢጫው።

ጋሽ አሰጌ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «የተመታ ይናገር» አሉ፤ «ያልተመታ ይስማ። ካለበለዚያ እኔም ወደ ሥራዬ፣ እናንተም ወደ ጆንያችሁ።» ከዚያ ጆሯቸውን ቀዩ ላይ ለጥፈው ለሦስተኛ ጊዜ ኳ አደረጉት።

የቢጫው ሆድ ተኮረኮረ። ሊጮህ አፉን ከፈተ። ጆንያውን አየ። ጥቁር ነው፣ የበሰበሰ የዘይት ጀሪካን ይሸታል። አፉን ዘጋ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

ያኔ ነው የተሰማው። ከቀዩ ሆድ ውስጥ፣ በጣም ቀስ ብሎ፦ ክልል... ክልል... ክልል።

«አሃ!» አሉ ጋሽ አሰጌ። «ጆሮው ወድቃ ነው እንጂ አልሞተም። የታለች ካቻቢቴዬ?»

ብሎኑን ፈቱት። ጆሮዋን አወጧት፣ ጠራረጓት፣ ፀሐይ በማያቀልጠው ሙጫ ለጠፏት። የተበጠሰችውን ሽቦ በጋለ ብረት በየዷት። «ጣሪያ ላይ ያሰጣው ማነው?» ሲሉ እትዬ ብርቄ ሳፋዎቹን ማየት ጀመረች።

«አሁን ደግሞ እናሳምረው» አሉ። «አንተ ሰውዬ፣ ያ ጆንያህ ውስጥ ምን አለ?»

«ወንድሜ ጋሼ፣ የኔ ጆንያ ሲገባበት እንጂ ሲወጣበት አይቼ አላውቅም» አለ ቆራሌው፤ ግን ከፈተው። ከጆንያው የሶፋ ስፖንጅ ወጣ፤ አንዱ የሌላውን መናወጥ እንዳይሰማ በየክቡ ሥር ጎዘጎዙት። የመኪና ጎማ ካላማዳሪያ፣ ያ ውስጥ የሚነፋው ላስቲክ፣ ወጣ፤ ዱላው ሲያርፍ ጎረቤት እንዳይረብሽ ቆርጠው አለበሷቸው። የዘፈን ሸክላ የመሰለ የብረት ሳህን ወጣ፤ በመረገጥ ብዛት የተሰነጠቀው ፔዳል ሥር በብሎን አሰሩት።

«ጫማ አደረግሁ!» አለ ፔዳሉ። ሰባት ዓመት በባዶ እግሩ ሲረገጥ ኖሮ!

ቆራሌው በባዶ ጆንያ አልሄደም፤ ሳፋዎቹን መልሶ ይዞ፣ በምስጋና ፋንታ የመጀመሪያውን ዘፈን ራሱ መትቶ ነው የሄደው። ሠላሳ ሁለት ጊዜ ሳተ። ደስ አለው።

እሁድ ደረሰ። የማዶዎቹ እያፏጩ ገቡ። የመጀመሪያው ዘፈን ተለቀቀ፤ ቀዩ «ዱም!»፣ ቲቪው «ሰማሁ!» ሁለተኛው ተለቀቀ፤ ቀዩ «ዱም!»፣ ቲቪው «ሰማሁ!» በሦስተኛው ቀይ መብራት እንደ በረዶ ወረደ፤ ቀዩ ዱም ዱም ዱም ዱም፣ ቲቪው ሰማሁ ሰማሁ ሰማሁ ሰማሁ! ቢጫውስ? ስፖንጁ ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ሲመታ ብቻ ዱም። የማዶዎቹ ሲወጡ አላፏጩም፤ ከንፈራቸው ደርቆ ነበር። እትዬ ብርቄ እልል አለች፣ የጋሽ አሰጌን ቃል የሰማው ሁሉ «የተመታ ይናገር፣ ያልተመታ ይስማ» እያለ ወደየቤቱ ሄደ።

ተረቱ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ግን ዕቃ መቼ ዝም ይላል? ሰው ሲወጣ ክርክር ተነሳ፤ ቀዩን ያዳነው ማነው?

«ፀሐይ ሙቅ ብዬ የመከርኩት እኔ!» አለ የሰርጉ ከበሮ። «ሰባ ሰርግ ያየሁ...»

«አሮጌዋን ሽቦ ባልቆርጥለት አዲሱ ብየዳ የት ይገባ ነበር?» አለች እመት አይጢት።

«እኔ አልሰማሁም ባልል መታመሙን ማን ያውቅ ነበር?» አለ ቲቪው።

ቢጫው ይሄን ሁሉ በትዕግሥት ሰማ። ከዚያ አልቻለም። ካላማዳሪያው እስኪወጠር ተነፋ።

«እናንተ ምን ታውቃላችሁ?» አለ። «ሦስት ቀን ሙሉ በእሱ ፈንታ የጮኽኩት እኔ! ዱላው እንዴት እንደሚያም የማውቀው እኔ! የተሰቃየሁት እኔ! እኔ ነኝ እንጂ...»

ፔዳሉ በአዲሱ ጫማው ወለሉን አንዴ ረገጠ።

«አንተን ማን መታህ?»