በራሱ ቁመት የሠራው ወንበር

አንድ አናጢ ነበረ። ይርዳው፣ ትናንት አዲሱን ወንበርህን ይዘህ መጥተህ «የኔታ፣ ሥራዬ መልካም መሆኑን በምን ልወቅ?» ብለኸኝ የለ? መልሱ ያለው እዚህ አናጢ ዘንድ ነው።

ይህ አናጢ ድሃ ሳለ ወንበር ከመሥራቱ በፊት ደንበኛው ፊት ተንበርክኮ ከተረከዝ እስከ ጉልበት በገመድ ይለካ ነበር። እንጨትም አይጥልም፤ ትራፊው ሌላ ቢቀር ማማሰያ ይወጣዋል። ስሙ ሲገን ግን ሰው ፊት መንበርከክ አሳፈረው። ገመዱን ሰቀለና ለሁሉም በራሱ ቁመት ይሠራ ጀመር። እሱ ደግሞ ሎጋ ነው።

ጉልበቷን የሚያማት አንዲት አሮጊት ነበረች። ከመደብ የምትነሳው ሁለት ሰው ብብቷን ይዞ ሲያነሳት ነው። ደጇ ላይ ሟች ባሏ የተከለው ዋንዛ ነበር፤ ሌላ ጥላ የላትም። ያለ ሰው እጅ የምትነሳበት ወንበር እንዲሠራላት ብላ ዛፉን ሰጠችው። አናጢው ቆረጠው። ጀርባው የወይን ሐረግ የተቀረጸበት ረጅም ወንበር ሠራላት፤ ግማሹ ግንድ ፍቅፋቂ ሆኖ ቀረ። ያየው ሁሉ ጉድ አለ።

በዓመቱ አሮጊቷ ማኅበር ስትደግስ አናጢውም ተጠራ። ወንበሩ ነጠላ ለብሶ ጥግ ቆሟል፤ እሷ መደብ ላይ ናት። ለምን አልተቀመጡበትም ቢላት፣ እንዲህ ያለ ሥራ እንዳይቆሽሽባት ሳስታ እንደሆነ ነገረችው። እንግዶቹም አደነቁ። ደስ አለውና ነጠላውን ገፎ፣ ዛሬስ ካልተቀመጡ ብሎ ለመነ። ደግፈው አስቀመጧት። እግሯ መሬት አልነካም፤ እንደ ሕፃን ተንጠለጠለ። አሮጊቷ አናጢውን አየት አድርጋ፣ እሱ እንዳያፍር ብላ ቀሚሷን ወደ ታች ሳበችና እግሯን ሸፈነች።

እሱ ግን አይቷል። ፊቱ ጋለ፤ መግቢያ ጠፋው። መቀነቱን ፈታና በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ተንበርክኮ ከተረከዟ እስከ ጉልበቷ ለካ።

«ተነስ ልጄ፣ ሰው ያይሃል» አለችው።

«ይዩኝ እማማ። ይህን ማድረግ የነበረብኝ ዛፉን ሳልቆርጥ ነበር።»

በማግስቱ የወንበሩን እግር አሳጠረ፤ ያን የወይን ሐረግ ቆርጦም ተደግፋ የምትነሳበት የእጅ መደገፊያ አደረገላት። አሮጊቷ ብቻዋን ተነሳች። ደጇ ላይ የዋንዛ ችግኝም ተከለ፤ ግን ጥላው ሳይደርስላት ሞተች። አናጢው በዚያ ደጅ ባለፈ ቁጥር አንገቱን ይደፋ ነበር።

እንግዲህ ይርዳው፣ ትናንት ያመጣኸውን ወንበር ሁሉ ሰው አደነቀልኝ አልከኝ። ማን እንደተቀመጠበት ግን አልነገርከኝም። የሰው ምስጋና የዚያች አሮጊት ቀሚስ ነው፤ እንዳታፍር ብሎ ጉድለትህን ይሸፍንልሃል። አንተ ምስጋናውን ተወውና፣ የተቀመጠው ሰው እግሩ መሬት መንካቱን ጎንበስ ብለህ እይ። ልኩንም ዛፉ ሳይወድቅ ውሰድ።