«ግድ የለኝም» ያጠናው አያ ጅቦ

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ ፍቅር ያዘው። ጅብ እህል ውሃ ዘጋው ቢባል ማን ያምናል? ያፈቀራት ከወንዝ ማዶ የምትኖር ውድነሽ የተባለች ጅቢት ነበረች። ለጥሎሽ ብሎ አንድ የበሬ ታፋ ሳይቀምስ ዋሻው ውስጥ ሰቀለላት። በጅብ ዘር እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም።

ይህን የሰማ ቀበሮ ምራቁን ዋጥ አድርጎ መጣ።

«አያ ጅቦ፣ ታመሃል» አለው። «ጠቢብ አያፈቅርም፣ አይቆጣም፣ ሥጋም አያምረውም። የመጣው ቢመጣ፣ የሄደው ቢሄድ ‹ግድ የለኝም› ይላል።»

«ታዲያ እንዴት ልዳን፣ የኔታ?»

«የምትወደው ነገር ሲጎድል እያየህ ዝም ማለትን ተለማመድ። ከታፋው እንጀምር።»

ቀበሮ ይገምጣል፤ አያ ጅቦ ለሃጩን እያዝረበረበ «ግድ የለኝም» ይላል። «ውድነሽም ብትማርስ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ቀበሮ በሞላ አፉ «ተው፣ ይህ ትምህርት ለሴት አይገባትም» አለው። ታፋው አልቆ አጥንቱ ሲቀር አያ ጅቦ ተመረቀ።

በወጉ ሽማግሌ ሲላክ አግቢው ቤቱ ይቀራል። አያ ጅቦ ግን ጥበቡን ሊያሳይ አጥንቱን ተሸክሞ፣ የኔታውን አስከትሎ እነውድነሽ ደጅ ቆመ።

«ልጄን ትወዳታለህ?» አሉት አባቷ።

«ቢሰጡኝም ባይሰጡኝም ግድ የለኝም፤ የኔታ ያስተማሩኝ ይህን ነው» አለ ደረቱን ነፍቶ።

አባትየው ጥርሳቸውን ማፋጨት ሲጀምሩ ውድነሽ ረጋ ብላ ወጣች። «አባዬ፣ ቁጣው ይቆየን። እስቲ መምህሩን ልፈትናቸው» አለችና አፉ ላይ ጮማ የቀረበትን ቀበሮ ጅራቱን ረገጠች።

ቀበሮ «ወይኔ ጅራቴን» እያለ አገሩን በጩኸት አመሰው።

«ምነው ጌታው፣ ‹ግድ የለኝም› አይሉም?»

ቀበሮ ጅራቱን መንጭቆ፣ ደቀ መዝሙሩን ጥሎ ፈረጠጠ።

ውድነሽ ወደ አያ ጅቦ ዞረች። «እኔስ ዛሬውኑ ሌላ ባገባ ግድ የለህም?»

«ግድ የ...» ብሎ ጀመረ። ከዚያማ እሪታውን ሲያቀልጠው የሰፈሩ አህዮች ገመዳቸውን በጥሰው ተበተኑ። «ግድ አለኝ» አለ እየተንሰቀሰቀ፤ «ስላንቺም ግድ አለኝ፣ ስለ ታፋውም ግድ አለኝ።»

«እንዲህ በል እንጂ» አለችው። «ቀበሮ ቁጣህንና ሆድህን ግዛ ቢልህ ደግ ነበር። ፍቅርህን ጣል ያለህ ግን ታፋህን ፈልጎ ነው።»

አባትየው ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው መረቋቸው። ጅብ ደግሞ አጥንት አይንቅምና ጥሎሹን እዚያው ደጃፉ ላይ ሁለቱ ተካፍለው ቆረጠሙት።

ከዚህ የምንማረው፣ ጥበብ ማለት ልብን መግራት እንጂ ልብን አውጥቶ መጣል እንዳልሆነ፣ «አትመኝ» የሚል መምህር ሲመጣም አስቀድሞ አፉ ላይ የቀረውን ጮማ ማየት እንደሚገባ ነው።