የባላምባራስ በቅሎ ለምን አነከሰች?

በድሮ ዘመን፣ በቅሎ ሲናገር ማንም በማይደነግጥበት ዘመን፣ ባላምባራስ እንግዳሸት የሚባሉ ጌታ ነበሩ። ደግ ናቸው፣ ለጋስ ናቸው፣ በእግር መሄድ ግን አይወዱም። ቀረብ በሉ እንጂ ልጆች! ከዚያ ሆናችሁ ምን ይሰማችኋል?

ከቤት እስከ አጥር በር፣ በበቅሎ። ከአጥር በር እስከ ጎረቤት፣ በበቅሎ። እንዲያውም አንድ ቀን ከመደቡ እስከ ምድጃው በበቅሎ ልሂድ ቢሉ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ውዴ፣ “በቅሎ ከገባች እኔ እወጣለሁ!” ብለው ከለከሏቸው።

በቅሎዋ ዳማ ትባላለች። ብልጥ ናት፤ ወገቧ ግን ሊቆረጥ ነው። ያላት ደስታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የጌታዋ የወንዝ ዳር መስክ። እሳቸው ሲተኙ እሷ እዚያ ለምለም ሣር ትግጣለች።

ያቺን መስክ ጎረቤታቸው አያ ቸኮል ተመኛት። አያ ቸኮል ተንኮለኛ ነው፤ የዚያን አገር ደንብም አሳምሮ ያውቃል። ሁለት ሰዎች በድንበር ሲጣሉ ከሽማግሌዎች ጋር ወሰኑን ሦስት ጊዜ በእግራቸው ይዞራሉ። በቅሎ ክልክል፣ ምርኩዝ ክልክል። ቀድሞ የተቀመጠ ተረታ! የተቀመጠበት ላይ ችካል ይተከላል፣ አዲሱ ወሰንም እሱ ይሆናል።

“መስኳ የእኔ ናት!” አለ አያ ቸኮል።

ጊዜው የገና በዓል ያለፈ ሰሞን ነበር። ሽማግሌዎቹ፣ “ከፋሲካ በኋላ ትዞራላችሁ” ብለው ቀጠሩ።

ባላምባራስ በረት ገብተው አለቀሱ። “አለቀልኝ ዳማዬ! እኔ እንደሆን ደጃፌን ሳልርቅ ነው የምቀመጠው።”

ዳማ አሰበች። መስኳ ከሄደች እኔ ምን ልበላ ነው፣ አጥር? ይራመዱ እንዳትላቸው፣ ወይዘሮ ውዴ ሠላሳ ዓመት ብለው ብለው ደክሟቸዋል።

በማግስቱ ዳማ አነከሰች።

“ምነው ዳማዬ?”

“ኧረ እግሬን ጌታዬ! በየጠዋቱ ወንዝ ወርጄ ካልነከርኩት አይድንም። ብቻዬን ደግሞ ጅብ እፈራለሁ።”

“በጠራራ ፀሐይ?”

“ጅብ ምን ሰዓት ያውቃል ጌታዬ!”

ሌላ በቅሎ አይጭኑም ወይ? ትሉኝ ይሆናል። ሞክረው ነበር። የአገሩ በቅሎ ሁሉ እሳቸውን ሲያይ እየተጋደመ አስቸገረ።

ስለዚህ ዳማን ስበው ወንዝ ወረዱ። መጀመሪያ ቀን መንገድ ላይ ዘጠኝ ጊዜ ተቀመጡ፤ ወንዙንም፣ በቅሎዋንም፣ የተወለዱበትንም ቀን ረገሙ። በሳምንቱ አምስት ጊዜ ተቀመጡ። በወሩ ጭራሽ መቀመጡን ረሱት።

ይሄኔ ዳማ፣ “ወንዙ አልበጀኝም፤ ፍል ውሃው ይሻለኛል” አለች። ፍል ውሃው ደግሞ ከገበያው ማዶ ነው። ሄዱ። ከዚያ፣ “ፍል ውሃውም አልበጀኝም፤ ተራራው ላይ ያለው ጠበል ይሻለኛል” አለች።

“በቅሎ ጠበል ይገባል እንዴ?”

“እግር እግር ነው ጌታዬ።”

አንድ ቀን ተሳስታ በግራዋ አነከሰች።

“ትናንት ቀኙ አልነበር?”

“ተዛወረ ጌታዬ፤ ክፉ በሽታ ነው።”

የባላምባራስ ማንኮራፋት ቀረ። ሱሪያቸው እየወለቀ ቢያስቸግራቸው በመቀነት አሰሩት። ወይዘሮ ውዴ ደስ ብሏቸው ሰፈሩን በእልልታ አናወጡት። ባላምባራስ ግን፣ “እኔ እኮ የምለፋው ለዚች ምስኪን በቅሎ ነው!” ይላሉ።

አያ ቸኮል ከዛፍ ጥላ ሥር ተጋድሞ፣ “አንካሳ አንካሳን ይጎትታል!” እያለ ይስቅ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። አንደኛውን ዙር ዞሩ። አያ ቸኮል ላብ በላብ ሆኖ፣ “ባላምባራስ፣ አረፍ አይሉም?” አለ።

“ደህና ነኝ ወንድሜ።”

ሁለተኛውን ዞሩ። “ባላምባራስ… አረፍ… አይሉም?”

“ኧረ ደህና ነኝ!”

ሦስተኛውን ሲጀምሩ አያ ቸኮል፣ “ባላም…” ብሎ ሳይጨርሰው ከወሰኑ እየተንገዳገደ ወጥቶ በገዛ ማሳው መካከል፣ ዱባ ላይ ዘጭ አለ።

ሽማግሌዎቹ ችካል ይዘው መጡ። “ተነሥ እንጂ፣ እንትከልበት!”

“ቆዩ እስቲ! ትንፋሼ ይመለስ!”

መስኳም ለባላምባራስ ጸናች፣ የዱባው ማሳ እኩሌታም ተጨመረላቸው። ዳማ ይህን ስታይ ደስታው አሳብዷት መስኳን ከዳር እስከ ዳር ጋለበችባት።

ባላምባራስ አፋቸውን ከፈቱ። “እግርሽስ?”

“የታመመው እኮ የእርስዎ ነበር ጌታዬ።”

ባላምባራስ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። “አንቺ ሌባ! በይ አሁን ልጫንሽና በክብር ቤታችን እንግባ።”

ዳማ አየት አደረገቻቸው። ከዚያ በአራቱም እግሯ አነከሰች።

ባላምባራስም ልጓሟን ይዘው በእግራቸው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ዳማን የሚጭኗት ሩቅ አገር ሲሄዱ ብቻ ነው፤ እሷም ዱባ እየበላች ወገቧ ቀና።

ልብ አድርጉ ልጆች፤ እግራችሁን በደህናው ቀን በየዕለቱ ካላለማመዳችሁት፣ በጭንቁ ቀን ብትለምኑት አይሰማችሁም።

ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ፤ አሁን ተነሡና ወንዝ ደርሳችሁ ተመለሱ። እኔማ ጠዋት ደርሻለሁ። ምን ያስቃችኋል? ደርሻለሁ አልኩ እኮ!