ትምህርት በአረንቋ ዳር

«ክፍልና ደወል በሌለበት ትምህርት የለም፤ ተበተኑ!» አሉ አዲሱ የትምህርት ተቆጣጣሪ አቶ ፈንታሁን፣ ከብት እየጠበቁ መስክ ላይ ፊደል የሚቆጥሩትን ገበሬዎች ሲያዩ።

አንድ ሽማግሌ፣ «ጌታዬ፣ ሌላ ጊዜ የለንም። ስሜን ለመጻፍ ሁለት ፊደል ብቻ ነው የቀረኝ፤ አይከልክሉን» ብሎ ለመነ።

«ዝም በል! ከክፍል ውጭ የተገኘ እውቀት አይሠራም!»

ይህን ብለው በኩራት ሲመለሱ፣ ሣር የሸፈነው አረንቋ ውስጥ እስከ ወገባቸው ሰመጡ።

«አንተ ሽማግሌ፣ መውጫውን ታውቀው የለ? ንገረኝ እንጂ!»

«አውቀው ነበር ጌታዬ። ግን የተማርኩት እዚሁ መስክ ላይ ስለሆነ አይሠራም። ነገ ሁለት ሰዓት ሲደወል ክፍል ገብቼ ልጠይቅልዎ።»

ጭቃው ደረታቸው ደረሰ።

«አባቴ፣ ክፍሉ ይኸው! ደወሉም እኔው ነኝ፤ እየጮህኩ አይደል? ቶሎ ያስተምሩኝ!»