ለታሸጉት ዶሮዎች አንድ ጣሳ ውሃ

ለመሆኑ፣ አንድ ጣሳ ውሃ የታሸገ በር ለማለፍ ስንት ሹም ይፈልጋል? ገምቱ። እኔ ዕድሜዬን ለትንንሽ ነጋዴዎች ስከራከር ስለጨረስኩ መገመት አያስፈልገኝም።

ትርንጎ ዶሮ ነጋዴ ነበረች። ታፔላዋ ላይ ዶሮ አሳለች እንጂ የንግድ ስሟን አላስጻፈችም። መኮንን የሚባል ደንብ አስከባሪ መጣና ውስጡን ሳያይ በሩን አሸገ። ዶሮዎቹ ውስጥ ቀሩ። ወሩ ግንቦት ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። በማግስቱ ጠዋት ትርንጎ ጣሳዋን ይዛ ወደ ነጋዴዎች ማህበራችን መጣች።

‹‹እትዬ፣ ውሃ ብቻ ላጠጣቸው።››

መኮንንን ለመንነው።

‹‹ያለ ወረዳው ትእዛዝ ብነካው እኔው እታሸጋለሁ፣ እትዬ።››

መኮንን እሽጉን አይነካም፣ እሽጉ በሩን አይለቅም፣ ዶሮዎቹ ውሃ አያገኙም።

ወረዳ ሄድኩ። ነፍስ ያለው ነገር ያለበት ቤት አይታሸግም የሚለውን መመሪያ ለኃላፊው አነበብኩለት።

‹‹መመሪያውን እርስዎ ይወቁት። እኔ የማውቀው ክፍለ ከተማውን ነው።››

ወረዳው መኮንንን አያዝም፣ መኮንን እሽጉን አይነካም፣ እሽጉ በሩን አይለቅም፣ ዶሮዎቹ ውሃ አያገኙም። ስመለስ በትርንጎ በር ላይ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። አውራዎቹ መጮህ ትተዋል።

ክፍለ ከተማ ሄድኩ። ኃላፊዋ ሳቀች።

‹‹ሰው ታሽጎበት ዝም ይላል፣ እርስዎ ለዶሮ ይሟገታሉ? የከተማው ንግድ ቢሮ ይፍቀድ።››

ክፍለ ከተማው ወረዳውን አያዝም፣ ወረዳው መኮንንን አያዝም፣ መኮንን እሽጉን አይነካም፣ እሽጉ በሩን አይለቅም፣ ዶሮዎቹ ውሃ አያገኙም። ትርንጎ በሩ ሥር ተቀምጣ በስንጥቁ ውሃ ታንጠባጥባለች። መሬቱ ይጠጣዋል።

ቢሮ ሄድኩ። የቢሮው ኃላፊ ክራባቱን እያሰረ ነበር።

‹‹ዛሬ የአነስተኛ ነጋዴዎች ቀን ነው፣ ወይዘሮ አረጋሽ። ማታ እንግዳ አለብኝ። ከበዓሉ በኋላ ይምጡ።››

ቢሮው ክፍለ ከተማውን አያዝም፣ ክፍለ ከተማው ወረዳውን አያዝም፣ ወረዳው መኮንንን አያዝም፣ መኮንን እሽጉን አይነካም፣ እሽጉ በሩን አይለቅም፣ ዶሮዎቹ ውሃ አያገኙም።

ልወጣ ስል የግብዣው ወጥ ሠሪ ወርቄ ማማሰያዋን እንደያዘች ገባች።

‹‹ጋሼ፣ ቁሌቱ ደርሷል፣ ዶሮ የለም።››

‹‹የት ሄደ?››

‹‹ያዘዝነው ከትርንጎ ነው። አሽጋችሁባታል። እንግዶችዎን ሽንኩርት አበላለሁ?››

ኃላፊው ክራባቱን ለቀቀና ስልኩን አነሳ። ቢሮው ክፍለ ከተማውን አዘዘ፣ ክፍለ ከተማው ወረዳውን አዘዘ፣ ወረዳው መኮንንን አዘዘ፣ መኮንን እሽጉን ቀደደ፣ እሽጉ በሩን ለቀቀ፣ ትርንጎ ጣሳዋን ይዛ ገባች። ገሚሶቹ አፋቸውን ከፍተው እየተንገዳገዱ መጡላት። ገሚሶቹ አልተነሡም። የጠጡት ማታ ድስት ገቡ።

በግብዣው ላይ ኃላፊው ስለ ትንንሽ ነጋዴዎች ተናገረ፣ ተጨበጨበለት። ከዚያ ወደ እኔና ወደ ትርንጎ ጠጋ አለ።

‹‹እንግዲህ ይቅር እንባባል።››

ትርንጎ ‹‹ይሁን›› አለች፤ ነገ ደግሞ በር ከፍታ ልትሸጥ ነው። እኔ ከዚያ ከተማ ከወጣሁ ዘመን አለፈ። ቢሮውን፣ ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውን፣ መኮንንን፣ ያጨበጨቡትንም፣ አንዳቸውንም ይቅር አላልኩም። አልልም።